የሲኞር አልዶ ጉልበትና የኔ ሆድ

ይህን የምጽፈው ገላውን ሲታጠብ እጁ ያልጠበቀው ነገር ላይ አርፎ፣ ምንም እንዳላገኘ ሰው ቶሎ ተለቃልቆ ለወጣ ወንድ ነው። እኔም እንደዚያው ተለቃልቄ ወጥቻለሁ። ፎጣዬን አገልድሜ፣ እንፋሎት የሸፈነውን መስታወት በመዳፌ እየጠረግኩ «ኳስ መቶኝ ነው» አልኩ ለራሴ። ቅዳሜ ዕለት ከሐበሻ ልጆች ጋር ስንጫወት በእርግጥ ኳስ መቶኝ ነበር። ሰበቡ በእጄ ስለነበር ሌላ ምክንያት አልፈለግኩም።

የዓለም ዋንጫ አሜሪካ በተደረገበት ዓመት ነው፤ በረዶው ገና እየቀለጠ ነበር። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ሪጀንት ፓርክ ከታላቅ እህቴ ከሙሉ ጋር እኖራለሁ። ሴንት ክሌር መንገድ ላይ ባለ የጣሊያኖች ቡና ቤት ደግሞ ዕቃ አጥባለሁ፣ ጠረጴዛ እወለውላለሁ፣ የወተትና የጠርሙስ ሳጥን እሸከማለሁ። ከዚያ በተረፈኝ ጊዜ ግጥም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያገኘሁትን እያነበብኩ፣ ያልገባኝን ጮክ ብዬ እየደገምኩ ነው የለመድኩት። አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም፤ ስትሪትካር በሚሉት የከተማ ባቡር ላይ እንኳ ወንበር እየቀያየርኩ የሰው ፊት አያለሁ። ቃል አያጥረኝም ብዬም እኮራ ነበር። እዚህ የምተርከው አንድ ቃል ከአፌ አልወጣ ብሎ ሊገድለኝ ስለደረሰበት ጊዜ ነው። አሁንም ሳስበው ፊቴ በሀፍረት ይግላል።

የቡና ቤቱ ባለቤት ሲኞር አልዶ ይባላሉ። ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ የሚያበጥሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አገራቸው ጣሊያን ውስጥ ዘጠኝ ቁጥር ለብሰው የተጫወቱ አጥቂ ነበሩ። ይህን ግን እሳቸው አይነግሩህም። የሚነግርህ ኒኖ ነው፤ ጎረቤታችን ያለ ፀጉር አስተካካይ፣ ደንበኛ ከሌለው እኛ ዘንድ የሚውል። የሁላችንም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ስለነበር በደንብ እንግባባለን።

«ይኸውልህ» ይላል ኒኖ፣ ግድግዳው ላይ በተርታ የተሰቀሉትን ፎቶዎች በጣቱ እየተከተለ። «እዚህ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። የወደብ ከተማ ክለብ ነው፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ ጫማው የተዋሰው ነው። እዚህ ሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ ተሸክመውት። እዚህ ደግሞ አንደኛ ዲቪዚዮን፣ ወደ ሰሜን ሄዶ። በግራ እግሩ ሲመታ በረኛው ኳሷን የሚያያት ከመረብ ሲያወጣት ነበር።»

እዚህ ላይ ጣቱ ይቆማል። ከሰሜኑ ፎቶ በኋላ አንድ ፎቶ የሚያሰቅል ያህል ባዶ ግድግዳ አለ። ከባዶው ቀጥሎ ባለው ፎቶ ላይ ሲኞር አልዶ የሌላ ክለብ ማሊያ ለብሰዋል፤ ማሊያው ሰፍቷቸዋል፤ ግብ አግብተው እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ከጓደኞቻቸው ይሸሻሉ። የመጨረሻው እዚሁ ቶሮንቶ የተነሳ ነው፤ ከስደተኛ ጣሊያኖች ቡድን ጋር በረዶ ላይ ቆመዋል።

«ጉልበቱ ነው» ይላል ኒኖ ባዶውን እያሳየ። «ለብሔራዊ ቡድን ሊጠራ ነው በተባለበት ዓመት ጉልበቱ ከዳው። ባይከዳው ኖሮ አሁን እዚህ ቆሞ ቡና ያፈላልን ነበር?»

«ጉልበት አይደለም፤ ሴት ናት» ይላል አንዱ ሽማግሌ ደንበኛ ካለበት።

«ከአሰልጣኙ ተጣልቶ ነው» ይላል ሌላው።

ክርክሩ በየቀኑ አዲስ ነው። ሲኞር አልዶ የቡና ማሽኑን ይወለውላሉ።

ሌላም ያየሁት ነገር አለ። ከቡና ቤታችን ትንሽ ዝቅ ብሎ የቀብር ማስፈጸሚያ ቤት ስለነበር የአስከሬን መኪና በደጃችን ያልፋል። ሲያልፍ ሽማግሌዎቹ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ አንድ እጃቸውን ወደ ታች ይልኩና በሱሪያቸው ላይ የወንድነታቸውን ቦታ ይነካሉ። መጀመሪያ ሳይ ደነገጥኩ።

«ሞት እንዳይነካን ነው» አለኝ ኒኖ። «እሱ ሲያልፍ ሕይወት ያለበትን ቦታ መያዝ ነው። አባቴም አያቴም እንዲህ ነው ያደረጉት።»

ሲኞር አልዶ ብቻ እዚያ አይነኩም። አጠገባቸው ያለውን ጠረጴዛ የብረት እግር ነው የሚነኩት። ሽማግሌዎቹ ብረትም ይሠራል ይላሉ፤ ስለዚህ ማንም ልብ አላለውም። እኔ አይቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ ግን መጠየቅ አልመጣልኝም። ያን ሰሞን ስለዚያ ቦታ ማሰቡን ራሱ አልፈልገውም ነበር።

እብጠቱ አልሄደም። በግራ በኩል ነው። አያምም፤ ያሳሳተኝም አለማመሙ ነው። ጠጣር ነው፣ ይከብዳል፤ ሳጥን ሳነሳ ከሆዴ ሥር የሚጎትተኝ ነገር አለ። በሽታ የሚያም ነገር ነው ብዬ ነበር የማውቀው። ልብሴን ስቀይር መብራት ማጥፋት ጀመርኩ። ኳሱን ተውኩ። ግጥሙም እምቢ አለ። ወረቀት ፊት ስቀመጥ የሚመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ አልጽፈውም።

ሙሉ ነቃችብኝ። «ምን ሆነሃል? ለምንድነው እንደ አሮጊት እየተደገፍክ የምትቀመጠው?»

«ሆዴን ትንሽ ያመኛል።»

«ጨጓራ ነው» አለች፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። እኛ ዘንድ ጨጓራ የተከበረ በሽታ ነው። ማንም አያፍርበትም፣ መድኃኒቱን የማያውቅ የለም። ጠዋት ጠዋት ተልባ ተበጠበጠልኝ። በርበሬ ተከለከልኩ። ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ያለችው አክስታችን በየቀኑ እየደወለች እንዴት እንዳደርኩ ትጠይቃለች፤ ሰው ስታገኝ እርጎ ትልክልኛለች። ይህ ሁሉ ደግነት ወደተሳሳተ ቦታ ሲፈስ ቁጭ ብዬ አየሁ። ጠጣሁትም።

በመጨረሻ ሙሉ ሰፈራችን ካለው ክሊኒክ ቀጠሮ ያዘችልኝ። አማርኛ ተናጋሪ ነው ስትላቸው አስተርጓሚ መደቡልኝ። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ጃኬት የደራረቡ ሕፃናት ይንጫጫሉ፤ አንዲት እናት የልጇን አፍንጫ እየጠረገች ተራዋን ትጠብቃለች። እኔ የምናገረውን በልቤ በእንግሊዝኛ እሰድራለሁ። ዶክተሩ ወንድ ነው ብለውኛል። በእንግሊዝኛ ደግሞ ቃሉ ቃል ብቻ ነው፣ ከእናቴ ቤት የመጣ አይደለም እያልኩ ራሴን አደፋፈርኩ። በሩ ሲከፈት አስተርጓሚዋ እትዬ ጥሩወርቅ ሆነው ተገኙ።

እትዬ ጥሩወርቅን የማያውቅ የለም። በሱዳን በኩል ቀድመው ከመጡት ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ከሴቶቹ ፊት ይቆማሉ፤ ሰርጉም ልቅሶውም ያለሳቸው አይሆንም። ለሙሉ እንደ እናት ናቸው። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝና ከጎኔ ተቀመጡ። ዶክተሩ ጠየቀ፤ እሳቸው ወደኔ ዞሩ።

«የት ላይ ነው የሚያምህ ይልሃል፣ ልጄ።»

ቃሉን አውቀዋለሁ። አፌ ውስጥ ነበር። አንቱ በምላቸው፣ እናቴን በሚያህሉ ሴት ፊት እንዴት ይውጣ?

«ሆዴን ነው፣ እትዬ።»

«ከእምብርትህ በላይ ነው በታች?»

«በታች። ትንሽ በታች።»

ዶክተሩ አልጋው ላይ አስተኝቶ ሆዴን በጣቶቹ ተጫነ። እጁ ወደ ታች ሲመጣ ቀበቶዬን ያዝኩ። እሱም እጁን መለሰ። አንድ ነገር ጠየቀ፤ እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን የነጠላቸው ጥለት ላይ ጥለው «ከዚያ ወደ ታች... ሌላ የሚያሳስብህ ነገር አለ ወይ ይላል» አሉ።

«ኧረ ምንም የለም» አልኩ፣ ሳይጨርሱት።

ለጨጓራ የሚሆን ክኒን ጻፈልኝ። ስወጣ የተሰማኝ ደስታ ነው። ፈተና እንዳለፈ ተማሪ እየቀለለኝ ወደ ቤት ሄድኩ። እንዲህ ያለው ጅልነት የኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር።

ክኒኑን ጨረስኩ፤ እብጠቱ አደገ። ሌላ ቀን ለማንም ሳልናገር ያለ ቀጠሮ የሚገባበት ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ አስተርጓሚ የለም። ዶክተሯ ግን በኔ ዕድሜ ያለች፣ ፈገግታዋ የሚያስደነግጥ ሴት ሆና ጠበቀችኝ። «ወገቤን» አልኳት። ሳጥን እንደምሸከም ስነግራት ገባት። ማስታገሻ ሰጠችኝና ሳጥን ስታነሳ ጉልበትህን እጠፍ አለችኝ። እንዲህ ሆኜ የሌሉኝን ሁለት በሽታዎች በሁለት ዓይነት መድኃኒት እየታከምኩ፣ ያለኝን አንዱን በሱሪዬ ውስጥ ይዤ እዞር ነበር። ማታ ማታ ስለሚመጣው ፍርሃት አልተርክም፤ የታመመ ሰው ያውቀዋል።

ጣሊያን ለዋንጫ የተጫወተች ዕለት ቡና ቤቱ ሞልቶ ሰው መንገድ ላይ ወንበር አውጥቶ ነበር። ጨዋታው ያለ ግብ አልቆ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄደ። የመጨረሻውን ጣሊያናዊው ከአግዳሚው በላይ ሰደደው። ከዚያ ስድብ ሆነ። ኒኖ ባርኔጣውን መሬት ላይ ጥሎ የመቺውን እናት ሳይቀር ማንሳት ጀመረ።

ሲኞር አልዶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፉ። «ተወው፣ ኒኖ። ልጁ ቆሞ መትቷል። እኔ እዚያ ቦታ እንኳ አልደረስኩም።»

«አንተማ ጉልበትህ ነው።»

እኔ በዚያ ሰዓት ባዶ ጠርሙስ የሞላ ሳጥን ይዤ ወደ ጓዳ እየገባሁ ነበር። ያ ከሆዴ ሥር ያለው ነገር ጎተተኝ። ሳጥኑን አስቀምጬ፣ እግሬን ከፈት አድርጌ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ቀና ስል ሲኞር አልዶ በሩ ላይ ቆመዋል። ገብተው በሩን ዘጉት።

«ፖየታ» አሉኝ። በቋንቋቸው ገጣሚ ማለት ነው፤ እንዲያ ነበር የሚጠሩኝ። «ምንህን ነው የሚያምህ?»

«ሆዴን ነው፣ ሲኞር።»

«ሆድህን።» የቢራ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። «እኔ ጉልበቴን ነበር።»

«አውቃለሁ፤ ኒኖ ነግሮኛል።»

«ኒኖ የሚያውቀው ጋዜጣ ላይ የወጣውን ነው። ጉልበቴን አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም።»

ስለ ወተት ማዘዝ የሚያወሩ ያህል ድምፃቸውን ሳይለውጡ ነገሩኝ። በዚያ ዓመት ለብሔራዊ ቡድን ስማቸው ይነሳ ነበር። ጋዜጠኞች ስለ ግራ እግራቸው ይጽፋሉ፤ በየጨዋታው እሳቸውን ሊያይ የሚመጣ ሰው አለ። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ሲታጠቡ አንዱ ቆለጣቸው ላይ ድንጋይ የመሰለ ነገር አገኙ። ዝም አሉ። ሩጫቸው ሲከብድ የክለቡ ሐኪም ልብስ መቀየሪያው ውስጥ «ሱሪህን አውልቅ» አላቸው፤ ጓደኞቻቸው ዙሪያውን ቆመው ይሳሳቃሉ። «ጉልበቴን ነው» አሉት። ሐኪሙም አመነ። አጥቂ ጉልበቴን ካለ ማን ይጠራጠራል? ጉልበታቸው ታሸ፣ መርፌ ተወጋ፤ በመጨረሻም ጤነኛው ጉልበታቸው በጀሶ ታሰረ።

«ጀሶ ታስሬ ተኝቼ፣ ከጀሶው በላይ ያለው ያድጋል» አሉ። «ጥሪው የመጣው ያኔ ነው። በቴሌግራም። ጀሶው ላይ አስደግፌ አነበብኩት። መሄድ አልችልም። ለምን እንደማልሄድ እውነቱን መናገርም አልቻልኩም። ሲታወቅብኝ በሽታው ወደ ሆዴ ገብቶ ነበር። አንዱን አወጡት፤ ሆዴን በጨረር አቃጠሉት። ያ ሁሉ ሲሆን ጋዜጣው ‹ጉልበቱ› እያለ ይጽፋል። ግድግዳዬ ላይ ያለው ባዶ እሱ ነው።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ሚስቴ ታውቅ ነበር፤ አርፋለች። አሁን አንተ።»

መጠየቅ ያለብኝን ትቼ የፈራሁትን ጠየቅኩ። «ግን ልጆች አሉዎት አይደል?»

«ሁለት ሴቶች። ሁለቱም ከዚያ በኋላ የተወለዱ ናቸው። አንዱ ይበቃል፤ ለግብም ለልጅም።» ተነሱና ፊት ለፊቴ ቆሙ። «አሁን ንገረኝ። ሆድህን ነው?»

አይደለም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ቃሉን ያን ጊዜም አልተናገርኩም።

«አስተርጓሚዋ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው» አልኳቸው።

«የኛ ሐኪም የቄሳችን ወንድም ነበር» አሉኝ። «እዚያው ተመለስ። እኔ አደርስሃለሁ።»

እትዬ ጥሩወርቅ ክሊኒኩ የሚውሉት ሐሙስ ሐሙስ ነው። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሲኞር አልዶ አሮጌ መኪናቸውን ከበሩ ፊት አቁመው ውጭ ጠበቁኝ። ያው ክፍል፣ ያው ዶክተር፣ ያው ወንበር።

«ክኒኑ ተስማማህ ወይ ይልሃል።»

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ...» አልኩና ቆምኩ። ዶክተሩ ሰዓቱን አየ።

እትዬ ጥሩወርቅ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ተነሱ፤ ጥለውኝ ሊወጡ መስሎኝ ነበር። ወንበራቸውን አንስተው አዞሩ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተቀመጡ። ነጠላቸውንም ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

«ሦስት ወንድ ልጆች አጥቤ አሳድጌያለሁ» አሉ ለግድግዳው። «አንተ ዘንድ ያለው ከየት የመጣ አዲስ ዕቃ ነው? በል ተናገር። ሆዴን ነው ላለ ወንድ ብዙ አስተርጉሜያለሁ።»

«ቆለጤን ነው» አልኩ። «የግራው አብጧል። ድንጋይ ሆኗል።»

በእንግሊዝኛ ነገሩት፤ በሬዲዮ የአየር ሁኔታ እንደሚያነብ ሰው ረጋ ብለው። «ከመቼ ጀምሮ ነው ይላል።»

«በረዶው ከቀለጠበት ጊዜ ጀምሮ።»

ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ውጭው የበጋ ፀሐይ ነበር፤ ሰው ሁሉ በቁምጣ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በድምፅ ሞገድ የውስጥን በሚያሳየው ማሽን ታየሁ፤ ደም ተቀዳሁ። ቀዶ ሐኪሙ ስሙን ነገረኝ፤ ሴሚኖማ፣ ከዘር ፍሬ የሚነሳ ነቀርሳ ማለት ነው። ወጣት ወንዶችን የሚይዝ፣ ከተደረሰበትም የሚድን ነው አለኝ። መውጣት አለበት። ሆዴ ውስጥ ካሉት እጢዎች አንዳንዶቹ ማበጥ ስለጀመሩ ከዚያ በኋላ ጨረር ያስፈልገኛል። «ቀደም ብለህ ብትመጣ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው። የተወልኝን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ እኔው እጨርሰዋለሁ።

ለሙሉ የነገርኳት ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕቃ ስታጥብ ነው። ዘዴውን ከእትዬ ጥሩወርቅ ተምሬያለሁ። ስጨርስ ውሃውን ዘጋች፤ ግን አልዞረችም።

«እትዬ ጥሩወርቅ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ።»

«ጣሊያኑም ያውቃል?»

«ያውቃሉ።»

«እኔ እህትህ ተልባ ስበጠብጥ ከረምኩ። ስትጠጣው በልብህ ምን ትለኝ ነበር?»

«እግዜር ይስጥሽ።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ። ለብዙ ቀን ከሚያስፈልግ ነገር በቀር አላናገረችኝም። ግን ሺፍቷን እየቀየረች በየቀጠሮው ከጎኔ ነበረች። ሥራ ስፈታ ኪራዩ በሷ ላይ ወደቀ፤ ኢቶቢኮ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ መጋዘን የቅዳሜና የእሁድ ሥራ ጨመረች። ሕክምናው በመንግሥት የጤና ካርድ ነው፣ አያስከፍልም። የታማሚ እህት መሆን ግን ያስከፍላል። እሷ ከሥራ ስትመጣ ተኝቼ እንዳታገኘኝ ሶፋው ላይ ቀና ብዬ እጠብቃት ነበር፤ ይህም የሀፍረት ዓይነት ነው።

ከቀዶ ሕክምናው የማስታውሰው ብርድ ልብሱን ነው። በቀጭን ጋውን ኮሪደር ላይ ተኝቼ ስንቀጠቀጥ፣ አንዲት ነርስ ምንም ሳልጠይቃት ከማሞቂያ የወጣ ብርድ ልብስ አምጥታ እስከ አገጬ አለበሰችኝ። ቀና ብዬ ሳላመሰግናት ሄደች። ፊቷን ዛሬ አላስታውሰውም፤ ሙቀቱን ግን አስታውሰዋለሁ።

ቤት ስመለስ ጠያቂው መጣ። በኛ ልማድ ታማሚ ብቻውን አይተውም፤ ብርቱካንና ጭማቂ ይዞ ያልመጣ የለም። ሁሉም የሚጠይቀው ደግሞ አንድ ነው፦ ምኑን ነው?

«ትርፍ አንጀቱን ነው» አለች ሙሉ ሳላስበው። ሳንማከር ነው ያለችው። እሷም እንደኔ ነበረች ማለት ነው።

ቀዶው ከብሽሽቴ ከፍ ብሎ ስለነበር ውሸቱ ጥሩ ገጠመልን። ችግሩ ከጠያቂዎቹ መሃል ጋሽ ታደሰ አሉ፤ አገር ቤት ድሬሰር፣ የጤና ረዳት የነበሩ። እጄ ያረፈበትን የግራ ብሽሽቴን ሲያዩ ቆዩ።

«ትርፍ አንጀት በቀኝ አልነበረም እንዴ?»

«ካናዳ ነው፣ ጋሼ» አለች ሙሉ። «እዚህ ባገኙበት ነው የሚከፍቱት።»

ጋሽ ታደሰ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ፣ ጥግ ይዘው የተቀመጡት እትዬ ጥሩወርቅ «ኧረ ብርቱካኑን ላጡለት፤ ልጁ በወሬ ሞተ» አሉ። ብርቱካን ተላጠ። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም። ከዚያ የበለጠ ምሕረት አላውቅም።

ለጨረሩ የሚያደርሱኝ ሲኞር አልዶ ነበሩ፤ የጠዋቱ ገበያ ጋብ ሲል ቡና ቤቱን ለኒኖ እየተዉ። ለኒኖ «ልጁን ሆዱን ያመዋል» ብለውት ነበር። የሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተበተነ ተገጣጣሚ ሥዕል አለ፤ የመጣው ሁሉ አንድ ሁለት ቁራጭ ገጥሞ ስሙ ሲጠራ ይሄዳል። ማንም ማንንም ምንህን ነው አይልም። እዚያ ብቻ ነበር ቀና ብዬ የምቀመጠው።

የቀረችው አንዷ ጨረር እንዳያገኛት የሚሸፍኗት በእርሳስ ብረት በተሠራ፣ ዛጎል በሚመስል ክዳን ነው። ቴክኒሻኖቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። አንዷ ክዳኑን አቀብላኝ ፊቷን ታዞራለች፤ እንዴት እንደሚደረግ ግን አስቀድማ ያለ ምንም መሽኮርመም አስረድታኛለች። ክዳኑ መጀመሪያ ቀን ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነካኝ ሲኞር አልዶና የጠረጴዛው እግር ድንገት ትዝ አሉኝ። ለምን ብረት እንደሚነኩ የገባኝ ያኔ ነው። ማሽኑ ሥር ብቻዬን ተኝቼ ሳቄ መጣ። በድምፅ ማጉያው «አትንቀሳቀስ» አሉኝ።

ስመለስ አስመልሳለሁ። ሲኞር አልዶ የዳቦ ከረጢት መኪናው ውስጥ ያስቀምጡልኛል፤ ስጨርስ መስኮት ከፍተው ሌላ ነገር ያወራሉ። አንድ ቀን ከባዶው ቀጥሎ ስላለችው ፎቶ ጠየቅኳቸው፤ ግብ አግብተው ለምን ይሸሻሉ?

«ከሕመሙ በኋላ ያገባኋት የመጀመሪያዋ ናት» አሉ። «ሁሉም ሊያቅፉኝ ሲሮጡ አየሁ። ሆዴ በጨረር ተቃጥሏል፣ ከታች አንድ ጎድሏል። ቢወጡብኝ ያውቁብኛል ብዬ ሸሸሁ። ጋዜጣው ‹ደስታ የማያውቅ አጥቂ› ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ባገባሁ ቁጥር መሸሽ ነበረብኝ፤ ሰው ለምዶት ነበራ።»

በሳቅ የነገሩኝ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ከረጢቴን ይዤ አሰብኩ፤ ይህ ሰው ግብ ባገባ ቁጥር ብቻውን ነበር።

ቅጠሉ ሲረግፍ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ምርመራው ንጹሕ ነው፤ እስከ ዛሬም ንጹሕ ነው። ሳጥኖቹን ሌላ ሰው ያነሳል፤ እኔ ሲኒ አጥባለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአስከሬን መኪናው በደጃችን አለፈ። የሽማግሌዎቹ እጅ ወደ ታች ሄደ። የኔ እጅ ወደ ጠረጴዛው እግር ሄደ፤ ብረቱ ላይ የሲኞር አልዶን ጣቶች አገኘሁ።

ኒኖ አየ። «ፖየታውም ብረት ጀመረ?»

ሲኞር አልዶ አዩኝ። እውነቱን ልናገርበት የምችልበት ጊዜ ቢኖር ያ ነበር።

«ጉልበቴን አሞኝ ነበር» አልኩ።

ሲኞር አልዶ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ኒኖ ምን እንዳሳቃቸው አልገባውም፤ ግን እሱም ሳቀ።

ስለዚህ ደፋር ሆኛለሁ ብዬ አልዋሽህም። ስሜን እዚህ አልጻፍኩም። እህቴ ለምናኝ ነው ብል ውሸት ነው፤ እኔው ነኝ የተውኩት። የሌሎቹን ስም ለውጫለሁ። ሲኞር አልዶን ግን አስፈቅጃለሁ። «በአማርኛ ከሆነ ጻፈው፤ ኒኖ አያነበውም» ብለውኛል።

አንተ ግን ዛሬ ስትታጠብ እጅህን አትመልስ። የማያም ጠጣር ነገር ካገኘህ ኳስ ነው አትበል፣ ሆዴን ነው አትበል። ቃሉ ቆለጥ ነው፤ እኔ አፌ ውስጥ ይዤው ለሞት ተጠግቼ ነበር፤ አሁን ጽፌልሃለሁ። እትዬ ጥሩወርቅ ዛሬም ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ክሊኒክ ይውላሉ። ወጣት ወንድ ገብቶ «ሆዴን ነው፣ እትዬ» ሲላቸው ምንም ሳይናገሩ ተነስተው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።